እማማሽ ያላለችው

ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ

ለልጅ ልጄ ለማራኪ፣ ህንድ አገር

አንቺ ቀበጥ፣ እንዴት ነሽ? ከሙቀቱ ጋር ታረቃችሁ ወይስ አሁንም ትፋጃላችሁ? ባለፈው በላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ሰበዝ መስሏል። እዚያ አገር የሚበላው ምስር ነው ሲሉ ሰምቼ በሳቅ ሞትኩ። ጾም በገባ ቁጥር ሳህኑን እየገፋሽ የምታለቅሺበትን ምስር ፍለጋ ባሕር ተሻገርሽ! እኔ ደህና ነኝ። ከጉልበቴ ጋር ብቻ ተኮራርፈናል፤ እኔ ወደ ቤቴል ስለው እሱ ወደ አልጋ ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ሌሊሴ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ሳታነብ እንድትልክ አስምያታለሁ። ማንበቧ ግን አይቀርም። አንቺ ሌሊሴ፣ እዚህ ከደረስሽ በቃ፤ ሂጂና የእናትሽን ልብስ አስጪ።

ስልክ እያለ ወረቀት የመረጥኩት በምክንያት ነው። ነገሩን ሦስት ጊዜ በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ አፌ ሌላ ወሬ ይዞ ሄደ። አፌን ታውቂዋለሽ። እጄ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ቀርፋፋ ሰው ደግሞ ሲዋሽ ቶሎ ይያዛል።

የላክሽልኝን የፊልም ጽሑፍ ሌሊሴ አሳትማ አምጥታልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሮጊቷ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ በር ላይ ቆማ ጫማ ስትቆጣጠር፣ እማማሽ ፀዳለ ራሷ ከመቃብር ተነስታ የመጣች መሰለኝ። ሽማግሌው ጆሮ ላይ ግን ፀጉር ለምን አበቀልሽበት? እሱ እኔ ከሆንኩ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።

ከጽሑፉ ጋር እንዲህ ብለሽኛል፦ «አባባ፣ መምህሬ የመጨረሻውን ትዕይንት ቁረጪው እያለኝ ነው። አሮጊቷ አልጋ ላይ ሆና ሁለት ገጽ ሙሉ ትናገራለች፤ ፊልም የሚታይ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ታድርግ እንጂ እንዲህ አታውራ ይለኛል። እኔ ግን አልቆርጥም። ቃሉ የእማማ የራሷ ነው። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። የድሮ ባለሙያ ነዎትና እርስዎ ይፍረዱ።»

ባለሙያ! ልጄ፣ በንግግርና በድርጊት ሚዛን ላይ እኔን ዳኛ ማድረግ ጅብን የሥጋ ዘበኛ ማድረግ ነው። የበየነ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር ዘንግተሽው እንጂ። ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ ቆሜ፣ የህንዱንም የቻይናውንም ፊልም እዚያው በዚያው ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። ህንድኛ አልችልም። ቻይንኛ አልችልም። እንግሊዝኛዬ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ተነስቶ «ኖ ስሞኪንግ» ላይ ያልቃል። የአፋቸውን አከፋፈትና የፊታቸውን አጠቋቆር አይቼ ይገባቸዋል ያልኩትን ቃል እሰጣቸዋለሁ። በሁለት ቡጢ መሐል ቀዳዳ ካገኘሁ አንድ ዓረፍተ ነገር እወትፋለሁ። የሚሮጠውን ሰው እንኳ «እየሮጥኩ ነው» አስብዬው አውቃለሁ።

አንድ ቀን ያደሳ የሚባል፣ በመርከብ ሲዞር ቦምቤይ ዓመት የከረመ ሰው ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለና «ጋሽ መኳንንት፣ ሰውየው እኮ ውሃ አምጡልኝ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ። እኔ በዚያች ደቂቃ ሰውየውን በሟች ወንድሙ ስም አስምዬው ነበር። ሕዝቡ «ውሃ የጠማህ አንተ ነህ፣ ቁጭ በል!» ብሎ ያደሳን ሊያስወጣው ምንም አልቀረው። እኔም ልቤ አበጠ። እውነቱን ከሚያውቀው ሰው ይልቅ እኔን መረጡኛ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጉንፋን ጉሮሮዬን ዘጋው። ፊልሙ ልጁ የጠፋበት አባት ታሪክ ነበር። በየነ «ኧረ አንድ ቃል እንኳ!» እያለ ቢለምነኝም ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ የለም። መጀመሪያ ሕዝቡ ጮኸ፣ አፏጨ። ቆይቶ ዝም አለ። መጨረሻው ላይ ልጅየው ሳያውቀው የገዛ አባቱን እንደ እንግዳ እጁን ያስታጥበዋል። አባትየው የልጁን ጣቶች ያያል፤ ውሃው ካለቀ በኋላም እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ስቆም የሰው ትንፋሽ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እማማሽ ከኋላ ተቀምጣ ኖሮ ወደ ቤት ስንመለስ «ዛሬ ገና ፊልም አየሁ» አለችኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት።

እሷ እንዲህ ነበረች፤ ቃል አታባክንም። በሃምሳ ሁለት ዓመት ትዳር «ይቅርታ» ወይም «ይቅር ብያለሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከተጣላን ሁለትና ሦስት ሳምንት ድምጿ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ጃኬቴን አንስታ ቁልፉን ትሰፋለች። ቁልፉ ሳይላላ! የጠበቀውን አጥብቃ ትሰፋና ወንበሩ ላይ ታንጠለጥለዋለች። በቃ፣ ታረቅን ማለት ነው። እኔ ደግሞ እሱን ለብሼ ከበየነ ጋር እስኪበቃኝ አወራለሁ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ትንሽ ታገሺኝ።

በእናትሽ በዘነበወርቅ ሙት ዓመት፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ እማማሽ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ለልጇ ስታለቅስ አንቺ በበሩ ቀዳዳ በስልክሽ ቀረጽሻት። ያን አሁን ላለሽበት የፊልም ትምህርት ቤት ላክሽና ተቀበሉሽ። አንቺ ተደብቀሽ የሠራሽውን ሌሊሴ በደስታ ለራሷ ለእማማሽ አሳየቻት፦ «እማማ፣ ማራኪ እርስዎን ፊልም ሠራችብዎት!» እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ ስልኩን መለሰችና «ለቅሶዬን ለሰው አሳየችው» አለች። ስለዚህ ጉዳይ ከአፏ የወጣው ይኸው ነው፤ በፊትም በኋላም ሌላ የለም። የሄድሽ ዕለት ጉልበቷን ስመሽ ልትመረቂ በሯ ላይ ስትንበረከኪ አልከፈተችልሽም። እኔ «ራሷን አሟት ነው» አልኩሽ። አላመማትም።

ጥቅምት ላይ ወደቀች። ቀኝ ጎኗ ሰነፈ፣ ምላሷም ታሰረ። አንቺ ስትደውዪ «አልፎ አልፎ ትናገራለች» እልሽ ነበር። ከወደቀችበት ቀን እስካረፈችበት ቀን፣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ያረፈች ዕለት በስልክ «ምን አለች? አባባ፣ ምን አለች?» እያልሽ ጮኽሽ። አጠገብሽ የሚይዝሽ ሰው የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ እንደተቀመጥሽ ከድምፅሽ አወቅሁ። ያኔ እኔ እንዲህ አልኩሽ፦ «ልጄን ይቅር ብያታለሁ፤ የረገጠችው ይለምልም፤ የእናቷ ጸሎት ይከተላት ብላለች።»

ማራኪዬ፣ አላለችም። ይኼ የኔ ቃል ነው። ለህንዶቹ እንደምሰጠው ሰጠኋት።

ዝም ማለት አቅቶኝ ነው። ልጅ ስትጮኽ ዝም የሚል አፍ አልፈጠረልኝም። አንቺ ስትረጋጊ ደግሞ ደግ የሠራሁ መሰለኝ። ትናንት የእማማሽ መንፈቅ ነበር፤ ዕድርተኛው ሁሉ መጥቶ ነበር። በየነ ተነሣና «የፀዳለ የመጨረሻ ቃል» ብሎ ከኔ የሰማውን ያንኑ አንድም ሳያጎድል ተናገረው፤ «አሜን» ብለው አለቀሱ። የራሴን ፈጠራ ከሰው አፍ ሰምቼ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ያንቺ ሁለት ገጽ ትዝ አለኝ። በሕይወቷ ሳትጠየቅ እንባዋ ታየባት፤ ሞታ ደግሞ ያላለችው ሊነገርባት ነው። አንደኛው ያንቺ ነው፤ ሁለተኛው የኔ።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከማረፏ አራት ቀን በፊት በሌሊሴ ስልክ በምስል የደወልሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ሌሊሴ ስልኩን ወደ አልጋው ስታዞረው «ተኝታለች» ብዬሽ ነበር። አልተኛችም። ድምፅሽን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንቺ «እማማ፣ እማማ» ብለሽ ብለሽ ዘጋሽ። ሌሊሴ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። ያኔ እማማሽ ሳትዞር ግራ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና፣ በዳበሳ ፈልጋ ስልኩን አገኘችው። ወሰደችው። ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ ደረቷ ላይ አጣበቀችው።

ሌሊሴ «እማማ፣ ስልኬን ይስጡኝ እንጂ» ብላ ሳቀች። ቀስ ብላ ሳበች። አልለቀቀችም። ጠንከር አድርጋ ሳበች። አልለቀቀችም። «ኧረ አባባ፣ ይንገሯቸው!» አለችኝ ልጅቷ። እኔ ምን እነግራታለሁ? የሌሊሴ እናት መጥታ «ተያት፣ ነገ ትወስጃለሽ» አለች። ስልኩ ነጠላው ውስጥ እየጮኸ፣ እየጮኸ ባትሪው አልቆ ዝም አለ። በማግስቱ እንቅልፍ ሲጥላት ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቀን ወሰድነው።

ያየሁት ይኼው ነው። አንዳንድ ቀን ፊትሽን ነው የያዘችው እላለሁ፤ ከዚያች መስተዋት ውስጥ እንዳትወጪባት። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ተኝታ እንዳትቀረጽ ፈርታ ነው የቀማችው እላለሁ። ሌሊሴን ጠየቅኳት። «እኔንጃ አባባ፤ እጃቸው ግን ያመመው ሰው እጅ አልነበረም» አለችኝ። ይቅር አለችኝ ወይ ብትዪኝ አላውቅም። ላውቅ የምችልበት መንገድም የለም።

መምህርሽ ልክ ነው። ሁለቱን ገጽ ቁረጪው። ንግግሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የእሷ ስላልሆነ ነው። በምትኩ ስልኩን የያዘችበትን አስገቢ አልልሽም፤ እሱም ደግሞ ያለ ፈቃዷ ማሳየት ይሆን ወይ ብዬ ተጨንቄ መልስ አላገኘሁለትም። አንቺም ተጨነቂበት፤ ሥራው ያንቺ ነው። ካስገባሽው ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ አጠገቧ የቆመው ሽማግሌ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ እንደ እኔ ግራ ይጋባ።

የእሷን ምርቃት ልሰጥሽ አልችልም፤ የለኝም። የኔን ግን ልስጥሽ። ዓይንሽ ያየውን ልብሽ አይክዳው። የሰው እንባ ፊት ስትደርሺ እጅሽ ይረፍ። ቀጭኑን አንገትሽን ከክፉ ይሰውርልኝ። በሰላም መልሶ በሙት ዓመቷ አጠገቤ ያቁምሽ። አሜን በይ።

ይህን አንብበሽ ብትቆጪኝ እውነትሽን ነው። ባትደውዪም አልፈርድብሽም። እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ እቀመጣለሁ። ደውለሽ ምንም ባትናገሪ እንኳ አልዘጋም። እኔም ምንም አልልሽም።

አያትሽ
መኳንንት ወልደሰንበት