ልጄን ለሕዝብ ስላሳዩልኝ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ መልከጼዴቅ
ቡራዩ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ስልክዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤንነታችሁን እመኛለሁ፤ በተለይ የስልክዎን ባትሪ ፈጣሪ ይጠብቅልን። እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ የአያንቱ አባት ነኝ፤ በአምቦ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ከመዶሻ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና ድምፄ ከፍ ቢል ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ትምህርት ቤትዎ ባለፈው ወር «የልጆች የአእምሮ ጤና ቀን»ን ማክበሩ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ልጄም ልጆች ከስልክ ይልቅ ከቤተሰባቸው ጋር ቢጫወቱ እንደሚሻል ንግግር እንድታደርግ ተመርጣ፣ ሳምንት ሙሉ ስትለማመድ ከርማ፣ ማይክሮፎኑን ስትይዝ የምትለው ጠፋት። ከዚያ አለቀሰች። ሮጦ የሚያቅፋት ሰው ይኖራል ብሎ የሚያስበው እንደ እኔ ያለ ኋላ ቀር ወላጅ ነው፤ እርስዎ ግን ሳያቋርጡ ቀርጸው፣ የሳቅ ድምፅ ጨምረውበት በቲክቶክ ለቀቁት። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቪዲዮውን በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም ስላጋሩን አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ልጄ ማይክሮፎን ይዛ ሳያት እስከ መጨረሻው ሳልመለከት በደስታ ሆለታ ላሉት ዘመዶቻችን ሁሉ ላክኩት። እናቴ ደውላ ልጅቷን ምን አደረጋችኋት ብላ ስታለቅስ ነው የገባኝ። በዚህ ስህተቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ይህንን የምጽፈውም ማፈር የሚባል ነገር መኖሩን ላስታውስዎ ያህል ነው።

2. ቪዲዮው እንዲነሳ ቢሮዎ መጥቼ ስለምንዎ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳይነቅሉ ቅሬታዬን በግሩፑ ላይ እንድጽፍ መክረውኛል። በግሩፑ ላይ መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ብቻ መሆንዎን ያወቅኩት ቤቴ ገብቼ ነው።

3. ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሰልፍ ላይ ለአያንቱ «የወሩ ብዙ ተመልካች ያገኘች ተማሪ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጥተዋታል፤ ስትቀበልም ቀርጸዋታል። ደንበኞቼም ኦቦ ዲሪርሳ፣ ልጅህ ታዋቂ ሆነችልህ እያሉ ወርክሾፔ ድረስ መጥተው ስቀዋል። ሁለተኛው ቪዲዮ ግን ልጅቷ ፊቷን በወረቀቱ ስለሸፈነች ብዙም እንዳልታየ ሰምቼ አዘንኩልዎ።

4. ልጄ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፤ ሰው ስልክ ሲያነሳ ካየች ከበር ኋላ ትደበቃለች። ባለቤቴ እልፍነሽ ይህን ለክፍሏ መምህርት ብትነግር፣ ትምህርት ቤቱ ስለ ልጆች ጭንቀት ያዘጋጀውን የባለሙያ ምክር በቀጥታ ስርጭት እንድትከታተል ተነገራት። ሰዓቱ እርሷ ከአዲስ አበባ ሥራዋ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆምበት ስለሆነ፣ ስለ ጭንቀት የሰማችው በሰው ትከሻ መሃል ተጨንቃ ነው። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ባለሙያው ለልጆቻችሁ ጊዜ ስጡ እያሉ ነበር።

ስለሆነም ቪዲዮዎቹ ዛሬውኑ እንዲነሱ፣ አያንቱንም በዚያው ሰልፍ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቋት፣ ሲጠይቋትም ማንም እንዳይቀርጽ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። ከሦስቱ የመጨረሻው እንደሚከብድዎ አላጣሁትም። እስከዚያው ልጄን ቤት አስቀምጫታለሁ።

ተከታይዎ እንዲበዛ፣ ላይክዎ እንዳይጎድል፣ በልጄ ላይ እንደደረሰው ያለ ቀን ደግሞ በእርስዎ ልጆች ላይ እንዳይመጣ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ዲሪርሳ ኦዳ
የአያንቱ አባት

ሳልረሳው፦ ባለፈው ቅዳሜ አያንቱና ታናሽ እህቷ ፌኔት ግቢ ውስጥ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲጫወቱ አየኋቸው። ርዕሰ መምህሩን የሆነችው አያንቱ ነበረች። ፊደል አላስቆጠረቻትም፣ አልተቆጣቻትምም፤ ቁራጭ ጣውላ እንደ ስልክ ፊቷ ላይ ደግና እስክታለቅስ ድረስ ጠበቀቻት።