ከስንታየሁ ፒካፕ ሥር

ሰኞ፣ ሰኔ 1 — ከሰዓት 9፡30

ዛሬም ከመኪና ሥር። ሁለት ፒካፕ፣ አንድ ሚኒባስ። የመጀመሪያው ፒካፕ ማርሚታው ወልቋል፣ በየድኩት። የሁለተኛው ወለል ተበስቷል፣ እግር የሚያስገባ ቀዳዳ። ባለቤቱ ምንጣፍ አልብሶት ሲነዳ ከርሟል። ላሜራ ቆርጬ ለጠፍኩለት። የዝገት ብናኝ ዐይኔ ገባ። ታጠብኩ። ቀጠልኩ።

የራጉኤል ቀን ነው። ቅዳሴው ጋራዣችን ድረስ ይሰማል። የሥራ ባልደረባዬ አወል ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ ሂድና ተሳለም፣ እኔ አለሁ ይለኛል። ሃያ ዓመት አብረን ስንበይድ ከጸሎት እንድቀር ፈልጎ አያውቅም። ሥራ አለ አልኩት።

ደብተሬ፣ ሦስት ሳምንት ምንም አልጻፍኩብህም። ታናሽ ወንድሜ ስንታየሁ ግንቦት 9 ሞተ። የነጋዴውን የሐጂ ከድርን በርበሬ ከማረቆ ጭኖ ሲመለስ፣ ቡታጅራን እንዳለፈ ፒካፑ ተገለበጠ። ሐጂ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር፣ እግራቸው ተሰብሮ ተረፉ።

ይኸው ጻፍኩት።

ከሰዓት የብየዳ ፍንጣሪ እጅጌዬን አቃጥሎ ቆዳዬ ደርሷል። የሸተተው አወል ነው። እኔ አልተሰማኝም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 4 — ማታ 1 ሰ.

ፒካፑ መጣ። ትራፊኮች ለቀውት በጭነት መኪና አምጥተው ግቢያችን አራገፉት። በአንድ ጎኑ ተኝቷል። የስንታየሁ ባለቤት ብርቱካን ላከችብኝ፦ ማየት አልፈልግም፣ ቆራርጠው ለምናለሽ ተራ ይስጡት።

ተንበርክኬ ሥሩን አየሁ። የግራው የኋላ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚያነጥረው ድርብርብ ብረት፣ ከሻንሲው የሚታሰርበት ቦታ ተገንጥሏል። አዲስ የተሰበረ ብረት ያበራል። ይሄ አያበራም። ቡናማ ነው፣ በንብርብር እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ይላጣል። የሚያበራው የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ የኖረው ያቺ ጥፍር ናት።

ቦታውን አውቀዋለሁ። ሚያዝያ ላይ ስንታየሁ አምጥቶልኝ ነበር። ይሄን ፒካፕ የገዛው ከጨው ነጋዴ ነው፣ ጨው ደግሞ ብረት አይምርም። ሥሩ ገብቼ በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል። እዚህ ጋ ሲደርስ ዱብ አለ። ሰማሁት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ እሱም ቸኩሎ ነበር። ይችላል፣ ሰኔ ሲገባ አምጣውና እቀይርልሃለሁ አልኩት። የተቃጠለ ዘይት ቀባሁለት፣ ጠቆረ፣ ደህና መሰለ። ጀርባዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

አወልም ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ አየ። ቀና ሲል ፊቴን አላየኝም።

«ደምሴ፣ ዛሬውኑ እንቁረጠው» አለኝ ቀስ ብሎ።

መቁረጫውን ለኮሰ። ሄጄ ጋዙን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም።

እራት፦ ሽሮ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቅኩም።


ሰኞ፣ ሰኔ 8 — ከሰዓት 10፡20

ረድኤት መጣች። የስንታየሁ ልጅ፣ 16 ዓመቷ። የት/ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ጭቃ በጭቃ። አባቷን የገደለውን ብረት አልፋ መጣች፣ ዞር ብላም አላየችው። ሸራ አልብሰነዋል።

ሻይ ላምጣልሽ አልኳት። አልፈለገችም።

«ጋሼ፣ አባቴ ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

ማን አለሽ አልኳት። አንዲት የክፍሏ ልጅ፣ ሰው ፊት። የልጅቷ አባት በርበሬ በረንዳ ሱቅ አለው፣ እዚያ ሁሉም የሚያወራው ይሄንኑ ነው አለች። ስንታየሁ ሰክሮ ሰው ሊጨርስ ነበር ይባላል። እናቷም ሰምታለች፣ ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጣችም።

«አላውቅም» አልኳት።

አላውቅም! ስንታየሁ ከሠርጉ ቀን በቀር ብርጭቆ ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። አፌ ግን ያለው ይሄን ነው። እሺ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ሂሳብ ፈተና አለብኝ አለች። እስከ በሩ ሸኘኋት። ተመልሼ ፍሬን ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 11 — ማታ

ሐጂ ከድርን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤታቸው አማኑኤል ነው። እግራቸው በጄሶ፣ ትራስ ላይ። ልጃቸው ዳቦና ሻይ አቀረበችልኝ። ስለ ስንታየሁ ሲናገሩ ያለቅሳሉ። እኔ ዳቦዬን እበላለሁ።

ወሬውን ጠየቅኳቸው። ማነው ያለው ብለው ከትራሳቸው ቀና አሉ። ሰው ሊጠይቃቸው ሲመጣ የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መኪናው እንደ ሰካራም ተንገዳገደ ነው ያልኩት፣ ወላሂ! መኪናው! ስንታየሁማ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ "ሐጂ፣ ኋላው አልታዘዝ አለኝ" ነበር ያለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄው ነው።»

ገበያው መኪናውን ትቶ ሰካራሙን ይዞ ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንተ የብረት ሰው ነህ። ኋላው ምን ሆኖ ይሆን?»

ይታያል አልኳቸው። እግዜር ይማርዎ ብዬ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። ጃንጥላዬን እሳቸው ጋ ረሳሁት፣ የታወሰኝ ቤት ስደርስ ነው።


እሁድ፣ ሰኔ 14 — ማታ 2 ሰ.

ነገርኳቸው።

ጠዋት ሄድኩ። ብርቱካን ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ ለሐሙሱ አርባ ዝግጅት ጀምራለች። ረድኤት አልጋው ጫፍ ላይ ታጠናለች። ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። ሚያዝያ፣ መዶሻው፣ ዱብ ያለው፣ ዘይቱ፣ ይችላል ያልኩት። ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። እንደ ሥራ ዝርዝር ነው ያልኩት፣ ራሴን ስሰማው ገረመኝ።

ብርቱካን ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ያን ቀን መኪናው አርጅቷል፣ በአውቶቡስ ሂድ ብዬው ነበር። "ደምሴ አይቶታል" ብሎኝ ነው የወጣው።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አልመጣልኝም። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ግን አልነበረም።

ረድኤት ተነስታ ወጣች። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር። ጫማዋን አድርጋ ተመለሰች።

«ያሳዩኝ» አለች።

እናቷ አልከለከለችም። ሄድን። ጋራዡ እሁድ ዝግ ነው፣ ሰው የለም። ሸራውን ገለጥኩ። ካርቶን አነጠፍኩላት። አጠገቧ ተንበርክኬ በጣቴ አመለከትኳት፦ ይሄ ሻንሲ ነው፣ ሁሉን የሚሸከመው። ይሄ ባሌስትራ። እዚህ ጋ ነበር የሚያያዙት። ከንፈሯን ነክሳ ትሰማለች። አውራ ጣቷን አስገብታ ጫን አለችው። ቅርፊቱ እጇ ላይ ረገፈ።

«ይሄንንማ እኔም እሰብረዋለሁ» አለች።

አዎ አልኳት።

«ታዲያ ያን ለት ለምን አላውቅም አሉኝ?»

ሳሙና ሰጠኋት። የዝገት ቀለም ቶሎ አይለቅም፣ ብዙ ታጠበች። ስንወጣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለችኝ።

ማታ ስልክ ደወለች። እናቷ የምትለው፦ ወሬው የተወራው ሰው ፊት ነው፣ የሚነገረውም ሰው ፊት ይሁን። አርባው ላይ።

እሺ አልኩ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 18 — ከሰዓት 11 ሰ.

አርባው ተፈጸመ።

ድንኳኑ የሰፈሩ መንገድ ላይ፣ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ቀሳውስቱ ጸሎት አድርሰው ተቀመጡ። ዘመድ፣ ዕድርተኛ፣ የበርበሬ በረንዳ ሰዎች። ሐጂ ከድር በክራንች መጡ፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው። ምግብ ሳይቀርብ ተነሳሁ። ድምፄ ደህና ነበር። ከኋላ አይሰማም ሲሉኝ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ተናገርኩት ማለት ነው።

አንዱ አጎታችን ኩታውን ሰብስቦ ወጣ። ሐጂ እንደተቀመጡ ክራንቻቸውን አነሱ።

«እኔ የተንገዳገደው መኪናው ነው አልኩ እንጂ ሰውየው አላልኩም። የሞተ ሰው ስም የበላችሁ አላህን ፍሩ!»

ረድኤት ፊት ያወራችውን ልጅ አባት አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። ብርቱካን ማስታጠቢያ ይዛ በረድፍ ታስታጥባለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ውሃው አልወረደም። ማስታጠቢያውን ለረድኤት አቀበለቻትና ወደ ጓዳ ገባች። ረድኤት አስታጠበችኝ። ቀስ ብላ፣ ሁለቱንም እጄን፣ ውሃው እስኪያልቅ።

እዚያ ላይ አንድ ጉርሻ አልዋጥ አለኝ። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ተወኝ።


እሁድ፣ ሰኔ 21 — ማታ 12፡30

ብርቱካን ላከችብኝ። እስከ መስከረም ቤቴ እንዳይመጡ። አልጠላሁዎትም፣ ግን እጅዎን ማየት አልቻልኩም። መልእክቱን ያመጣው ጎረቤታቸው አፍሮ ቆመ። ልክ ናት በልልኝ አልኩት።

የትራፊክ ፋይሉ አልተዘጋም። መኪናውን የሚያውቅ ሰው ቃል ይፈልጋሉ። አወል አጣርቶ ነው የነገረኝ፣ ከዚያ ደግሞ ባልነገርኩህ ብሎ ተቆጣ።

«ሊያስሩህ ይችላሉ እኮ።»

አውቃለሁ አልኩት። ድንኳን ውስጥ የተባለ ድንኳኑ ሲፈርስ ይረሳል። ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ነገ ደግሞ ሌላ ወሬ ይመጣል።

ፒካፑን አንቆርጠውም። መርማሪው እስኪያየው ሸራውን እንዳይገልጥ ለአወል ነገርኩ። የጀመርኳቸውን ሁለት መኪናዎች አስረከብኩት፣ አንደኛው ፍሬኑ ገና ነው። የብየዳ ማሽኑን ቁልፍ ሰጠሁት። አልቀበልም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

ነገ ጠዋት 2፡30 ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ቱታ አልለብስም። ኮቴን አወጣሁ፣ ብብቱ ጋ ተተርትሯል፣ ሰፋሁት።

ረድኤት ደውላ ነበር። ከት/ቤት በፊት ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ አለች። አትምጪ አልኳት፣ እናትሽ ትቀየማለች፣ ፈተናሽም ነው። ሰምታኝ ስልኩን ዘጋች።

ትመጣለች።