ወንዙን ሳሎኔ ድረስ ስላስገቡልኝ

ለተከበሩ የወንዝ ዳርቻ ልማትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እግርዎ ደረቅ፣ ጫማዎ ንጹሕ፣ ወንበርዎም ከመሬት ያልተነሣ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደህና ነን፤ ከጉልበታችን በታች ገና አልደረቅንም እንጂ።

እኔ ከድልድዩ ሥር ባለችው ቤት የምኖር፣ እዚያችው ሳሎን ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእኔ ጋር ባለቤቴ አለች፤ «ለሳምንት ብቻ» ብለው መጥተው መንፈቅ የደፈኑት አማቴም አሉ። ትናንት ከቢሮዎ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ቤቴ በወንዙ መንገድ ላይ ስለሆነ እንደሚፈርስ፣ እኔም የመንግሥት ንብረት የሆነ አግዳሚ ወንበር ወስጄ ሳሎኔ ውስጥ በማስቀመጤ እንደምጠየቅ ይገልጻል። ስለ ሁለቱም በታላቅ አክብሮት ላስረዳዎ።

አንደኛ፦ ወንዙ ከቤታችን ርቆ፣ ከላይ በኩል ክርኑን አጥፎ፣ በቄጠማው መካከል እያዘገመ የሚያልፍ ጨዋ ጎረቤት ነበር። ክረምት ገብቶ ውሃው ሲበዛ መታጠፊያው ላይ ተንጣሎ ይተኛል፤ ሲበቃው ተነሥቶ ይሄዳል። እንቁራሪቶቹ ቢንጫጩ እንጂ ሌላ በደል አላየንበትም። እርስዎ ግን ዘንድሮ «ጠማማ ወንዝ ለዓይን አይማርክም» ብለው መታጠፊያውን በአፈርና በፍርስራሽ ደፈኑት፤ ወንዙን በሲሚንቶ ቦይ ቀጥ አደረጉት፤ በደፈኑት ላይም ለቢሮዎ የመኪና ማቆሚያ ሠርተው ዳር ዳሩን የእንጨት ወንበር ደረደሩበት። ሰው ማቃናት ላቃተው ጽሕፈት ቤት ወንዝ ማቃናት ቀላል አይደለምና እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እኔ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ፣ አማቴም ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሳለ ወንዙ በጓሮ በር ገባ። መኝታውን የተቀማ ወዴት ይሂድ? በቦይዎ ተንደርድሮ ሲመጣ መጀመሪያ ያገኘው የእኛን በር ነው። ሶፋው ቀስ ብሎ ተነሣ። አማቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ልጆቼ፣ ዕቃ የምታዛውሩት እኔ ከተነሣሁ በኋላ ቢሆን ምናለበት?» አሉ። ሶፋው በሩ ላይ ባይቀረቀር ኖሮ ዛሬ ከየትኛው ከተማ ይደውሉልን እንደነበር እንጃ። ወዲያው የእርስዎ ወንበር «ወንዛችን ውበታችን» የሚለውን ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጎ እየተንሳፈፈ ገባ፤ አማቴም ወደ እሱ ተዛወሩ። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ወንበሩን እኔ አልወሰድኩትም። ውሃ ላከው፤ እኛ ተቀበልነው።

ሦስተኛ፦ ወንዙ ባዶ እጁን አልመጣም። የፕላስቲክ ጠርሙሱን፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የግራ እግር ነጠላ ጫማውንና ጎረቤቴ መካኒኩ ከጋራዡ ሲደፋ የኖረውን የተቃጠለ ዘይት ሁሉ ይዞ ነው። ቀሚሱ ከወገቡ በላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች ጥቁር ሆነ። መካኒኩን ብወቅሰው «እኔ ወንዝ ውስጥ ደፋሁ እንጂ አንተ ቤት ደፋሁ?» አለኝ። ወንዝ የወሰደውን የማይመልስ መስሎት ኖሯል። ሙሽራዋ መጥታ ስታየው አላለቀሰችም፤ ጫፉን ዳሰሰችው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱ ረጥቦ አይነበብም። ከእርስዎ ሥራዎች መካከል የመሰለዎትን አንድ ይተኩበት።

አምስተኛ፦ ያለፈው ሳምንት ራስዎ ሜትር አስይዘው መጥተው፣ ሳሎኔን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስለክተው፣ «ይህ ቤት የወንዙን መንገድ ዘግቷል» ብለው ሲያስረዱን ሰማዩ ጠቆረ። ባለቤቴ «ጌታዬ፣ መኪናዎን ከማቆሚያው ቢያነሡት ይሻላል» ብትልዎ «ማቆሚያው ደረጃውን የጠበቀ ነው» አሏት። ብዙም አልቆየ፤ እርስዎ ወንበሩ ላይ ከአማቴ ጎን እግርዎን ሰብስበው ተቀምጠው ሳለ፣ መኪናዎ ያለ ሾፌር መጥታ አፍንጫዋን በራችን ላይ አስደግፋ ቆመች። አማቴ ጉልበትዎን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ምንም አልተጫረችም» ብለው አጽናኑዎት። አስከትለውም «ለመሆኑ ወንዙ ምን በድሎህ ነው መኝታውን የቀማኸው?» ሲሉ ጠየቁዎት። እርስዎም ጥርስዎ በብርድ እየተንገጫገጨ እግርዎን ይበልጥ ሰበሰቡ። በኋላ መካኒኩ አዝሎ ሲያሻግርዎ «ቀስ በል! ኧረ ቀስ በል!» ሲሉ ሰማሁ። ያንኑ ቃል ወንዙን ይለው የነበረው፣ ክቡር ሆይ፣ የደፈኑት መታጠፊያ ነበር።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባላል። ያን ዕለት ግን ውሃው የወሰደው የእርስዎን ማቆሚያ ነው። አፈሩን ሰርስሮ፣ ፍርስራሹን ጠርጎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ጥንቱ መታጠፊያው ገባና ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ዘንቧል፤ ሳሎኔ ጠብታ አልገባባትም። ዛሬ ጠዋት ግን አፈር የጫኑ መኪናዎች ድልድዩ ላይ ተሰልፈው አየሁና መርፌዬን አስቀምጬ ይህን ደብዳቤ ያዝኩ። ስለዚህ እርስዎ ብዙ ሥራ እንዳይበዛብዎ በማሰብ ቀላል ነገር እለምንዎታለሁ፤ ምንም አይሥሩ። መታጠፊያውን አይድፈኑ፤ ቤቴን አያፍርሱ። ለመካኒኩ ዘይቱን በበርሜል እንዲያጠራቅም እኛው ነግረነዋል፤ እርስዎን ካዘለ ወዲህ ሰው ይሰማል።

ስላደረጉልን ሁሉ ከወንዙ ጋር ሆነን እያመሰገንን፣ ከጉልበቱ በታች እርጥብ፣ ከጉልበቱ በላይ ታዛዥዎ፣

ከድልድዩ ሥር ያለው ልብስ ሰፊ

ተጨማሪ፦ መኪናዎን የሚጎትት እስካሁን አልላኩም። አማቴ «ጣራዋ አያፈስ፣ መቀመጫዋ ለወገቤ ተስማማኝ» ብለው ገብተውባታል፤ እኔም ከመንፈቅ በኋላ ሶፋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ላስወጣቸው ብል አማት ናቸውና አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ ራስዎ መጥተው ይሞክሩ። ጽሕፈት ቤትዎ ከቤቱ ያስወጣው ሰው ብዙ ነው፤ መጠለያ የሰጠው ግን ለእሳቸው ብቻ በመሆኑ፣ ይህን ስጽፍ ምስጋናቸውን በክላክስ እያሰሙ ነው።