የእማማ አሪየት የደም ውጤት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባሮ ሞልቷል፤ ልብስ የምናጥብበት ዳርቻ በውሃ ተሸፍኗል። ክልል ከሆንን ወዲህ ከተማው ቢሮ በቢሮ ሆኗል። ትሠራበት የነበረው ክሊኒክ ላይም አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል፤ ማይክሮስኮፕህ ግን እዚያው ነው። እናቴ ደህና ናት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቦታህን ለማንም አትለቅም።

እኔ ሥራ አግኝቻለሁ። ወባን ለሚያጠኑ ሰዎች አስተርጓሚ ነኝ። ደም ቀድተው በአውሮፕላን ይልካሉ። ከመቅዳታቸው በፊት እኔ በአኝዋክኛ አስረዳለሁ፤ ይህ ለጥናት ነው፣ ሕክምና አይደለም፣ ያልፈለገ ሰው መተው ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን “የኡጁሉ ልጅ ነኝ” እላለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ክንዱን ይዘረጋል። የቀረውን የሚሰማኝ የለም። አለቃዬ ደስ ብሎታል። “ሌላ ቦታ እስከ ቀትር እንለምናለን፤ አንቺ ምን አስነክተሻቸው ነው?” ይለኛል። ስቄ ነበር።

እማማ አሪየትን ታውቃቸዋለህ፤ ዓሣ በታንኳ ያመጡልን የነበሩት። እሳቸውም ሰጡ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ሁሉ ቤት እየመጡ “ውጤቴ አልደረሰም?” ይሉኝ ጀመር። እውነቱን መናገር ከበደኝ። “ገና ነው” እያልኩ መለስኳቸው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንበው መጡ። ለምን ክሊኒክ እንዳልሄዱ ጠየቅኳቸው።

“ደሜ እናንተ ጋ እያለ ሌላ ልስጥ እንዴ? አባትሽ ጠዋት ጣቴን ወግቶ ከሰዓት በኋላ ውጤቴን ይነግረኝ ነበር። አንቺ ግን ሰነፍ ነሽ!” አሉና እየተንቀጠቀጡ ሳቁብኝ።

አንተ ደም ወስደህ ውጤት ሳትነግረው የሸኘኸው ሰው የለም። ሰዉ ይህን ለምዷል። ክንዳቸውን የሚዘረጉት ለእኔ ሳይሆን ለአንተ ነበር። ከደንቡ አንድም ቃል አላጎደልኩም፤ ሁሉንም በትክክል ተርጉሜያለሁ። የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ደግፌ ወደ ክሊኒክ ስወስዳቸው ውጤት እንደማይመጣ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ቆም አሉ።

“ታዲያ አባትሽን ለምን ጠራሽው?”

ክንዳቸውን ይዤ ክሊኒክ አደረስኳቸው። ወባው ጠንቶባቸዋል፤ አሁን ተኝተው እየታከሙ ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ነገ ወደ ኢታንግ እንሄዳለን። “ከዚህ የሚመጣላችሁ ውጤት የለም፤ ያመመው ዛሬውኑ ክሊኒክ ይሂድ” ብዬ እንደምጀምር ለአለቃዬ ነገርኩት። “ታዲያ ማን ሊቀርልን ነው?” አለኝ። አላውቅም። ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። እኔም ሥራዬን ላጣ እችላለሁ።

አባዬ፣ ከእንግዲህ ስምህን ሰው ፊት ለሥራ አልጠራውም። ቤት ውስጥ ግን ከእናቴ ጋር በየቀኑ እንጠራዋለን።

ልጅህ አቻላ