«ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ሲሉ የኖሩት የመርከበኛው የአቶ ሃይለሚካኤል ሳህሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሃይለሚካኤል ሳህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ገብረእግዚ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተንሳኤ ባህታ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1950 በአሰብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አሰብ ተምረው፣ የሞተር ጥገና ሙያም ቀስመው በ1971 በመርከብ የሞተር ክፍል ተቀጠሩ። በ1983 ከወ/ሮ ፍረወይኒ ተስፋይ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ብሩኽንና ደላይትን አፍርተዋል። መርከቡ ስለዘገየ ሠርጉ ሁለት ጊዜ መተላለፉን ወ/ሮ ፍረወይኒ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም።

በ1992 ቤተሰቡ ኦክላንድ ገባ። አቶ ሃይለሚካኤል ጥቂት ዓመታት ፓርኪንግ ከሠሩ በኋላ ባሕሩ አላስቀምጥ ስላላቸው፣ ከኦክላንድ ወደብ በሚነሳ የጭነት መርከብ ወደሚወዱት ሞተር ተመለሱ።

በመጋቢት 2006 መርከቡ ማዕበል ላይ ሳለ ከሞተር ክፍሉ የብረት መሰላል ወድቀው ወገባቸው ክፉኛ ተጎዳ። ኦክላንድ እስኪደርሱ አሥራ አንድ ቀን ተኙ። የመርከቡ የሕክምና ኃላፊ በየማለዳው እየመጣ እንዴት እንዳደሩ ሲጠይቃቸው፣ እሳቸውም እንደ አስተዳደጋቸው «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ይሉታል። ሰውየው የሰማውን እንዳለ መዘገበ።

ከዚያ ወዲያ ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልቻሉም። ቅዳሴውን ሙሉ ቆመው ሲያስቀድሱ ምእመናን ትጋታቸውን ያደንቁ ነበር። «ኧረ መቀመጥ አቅቶኝ ነው» ቢሉም ትሕትና ተደርጎ ተቆጠረላቸው።

የጉዳት ካሳና ሕክምና ሲጠይቁ ግን ኩባንያው አሥራ አንዱንም «ደህና ነኝ» አውጥቶ፣ የተጎዱት ከመርከብ ከወረዱ በኋላ ነው ሲል ጥያቄያቸውን ውድቅ አደረገ። አቶ ሃይለሚካኤልን ከወገባቸው ይልቅ ያንገበገባቸው ውሸታም መባላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ተሟገቱ።

በ2008 ጉዳዩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ወ/ሮ ፍረወይኒ ለምስክርነት ቆሙ። «ክብርት ዳኛ፣ እናቱ የሞቱ ዕለት እንዴት ነህ ስለው ‹ደህና ነኝ፣ ይመስገን› ነው ያለኝ። እሱን እንደዚያ ብላችሁ ከጠየቃችሁት በሕይወቱ ታሞ አያውቅም» አሉ። ዳኛዋም ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደቆሙት አቶ ሃይለሚካኤል ዞረው፣ ዛሬ እንዴት ነዎት ሲሉ ጠየቋቸው። ጠበቃቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው ላብ በግንባራቸው እየወረደ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አሉ። ዳኛዋ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ምስክርነቱ ከሐኪሞች ማስረጃ ጋር ተመዝኖ ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ተወሰነ፤ ካሳውም ሕክምናውም ተፈቀደላቸው። ያን ዕለት አቶ ሃይለሚካኤል የውሳኔውን ወረቀት ቴሜስካል ሰፈር ላለው ወዳጃቸው ሁሉ እየዞሩ አሳይተዋል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የደስታ ነበሩ። በየቅዳሜው ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ቆመው፣ እንደሳቸው የተጎዱ መርከበኞችን ፎርም ያስሞሉ ነበር። የወሎው ልጅ አቶ ባህረዲን እጃቸው በመርከብ ገመድ ተቀጥቅጦ ሲመጡ አቶ ሃይለሚካኤል የሰጧቸውን ምክር ዛሬም ይደግሙታል፦ «ዶክተሩ ሲጠይቅህ መጀመሪያ ፔይኑን ተናገር፤ ምስጋናው የትም አይሄድም።» ስንቱን በዚህ ምክር አሳክመዋል፤ ራሳቸው ግን ከ«ደህና ነኝ» ንቅንቅ አላሉም።

በ2017 በጉበት ሕመም ኦክላንድ ሆስፒታል ገቡ። በመጨረሻው ሳምንት አንዲት ነርስ እንዴት እንደሆኑ ስትጠይቃቸው፣ አቶ ሃይለሚካኤል እጇን ይዘው ጎናቸው ላይ አስቀመጡና «እዚህ ጋ በጣም ያመኛል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ይመስገን» ብለው ጨረሱ። ደላይት «ዳዲ፣ ፋይናሊ!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ያን ሌሊት ያለ ሥቃይ ተኙ።

ኅዳር 4 ቀን 2017 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ቤተሰባቸው ከብቧቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፍረወይኒን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። በዚያም እንዴት ነህ ሲላቸው፣ እንደ ልማዳቸው «ደህና ነኝ» ይበሉ፤ ዛሬ እውነት ይሁንላቸው። አሜን።