ባለ ሁለት ሶኬት

ውድ አስማረ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ሰሞኑን ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ገና «ሄሎ» ስትል ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ብለህ ይሆናል። ኔትወርክ አልነበረም፤ እኔ ፈርቼ ነው።

ኮሌጁ ለተማሪዎች መዝገብ የሚሆን ሰርቨር ሊገዛ፣ የግዥ ጥያቄውን አንተና እኔ እንድናዘጋጅ የታዘዝንበትን ክረምት መቼም አትረሳውም። አንተ የኤኤምዲ፣ እኔ የኢንቴል ፕሮሰሰር ጠበቃ ሆነን ሐምሌና ነሐሴን ተጨቃጨቅን። ሁለቱ ኩባንያዎች ገበያ የሚሻሙት እዚህ እንጅባራ፣ በእኛ አፍ ይመስል ነበር። እኔ ሥራው ከባድ ስለሆነ አንድ አንጎል አይችለውም፣ ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ማሽን ካልሆነ አይሆንም አልኩ። አንተ ደግሞ «ዘመኑ ተለውጧል፤ ዛሬ የኤኤምዲ አንዱ የሁለቱን ሥራ ይሠራል» አልክ። ለእኛ ሥራ ትክክል ነበርክ። ይኸው ጻፍኩት፣ ደስ ይበልህ።

የስብሰባው ዕለት ያደረግኸውን ግን አልረሳሁትም። የግዥ ኃላፊው ጋሽ አበረ «ልዩነታችሁ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ «ዳንግላ ላይ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ጋሪ አይተው ያውቃሉ? ዘውድነሽ ግዙልኝ የምትለው እሱን ነው» አልካቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አርሮ ነበር። በማግስቱ ኩርፊያዬን አይተህ «እሺ፣ ያንቺ ይሁን» አልክና ወረቀቱን ሳታነበው ፈረምክልኝ።

የጉዱ ሁሉ ምንጭ ያ ወረቀት ነው። በእኛ ሙያ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል አይደል? እኔም «ባለ ሁለት ሶኬት ሰርቨር» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ። «ሁለት ፕሮሰሰር» የሚል ነገርም፣ «ኢንቴል» የሚል ስምም አንድም ቦታ የለበትም። ጋሽ አበረ ሶኬት ሲባል የሚያውቁት የግድግዳውን ነው፤ አገር ሁሉ የሚያውቀውም እሱኑ ነው። ስለዚህ ሁለት የመብራት ገመድ ያለው ማሽን አስመጡ። ባሕር ዳር ድረስ ሄዳችሁ የተረከባችሁት እሳቸውና አንተ ነበራችሁ። እኔ ሳጥኑን ስከፍተው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ፣ እሱም የኤኤምዲ ሆኖ አገኘሁት። «አስማረ የፈለገውን አስገዛ!» ብዬ ጮህኩ። ቢሮው በሙሉ ሰማኝ። ሳምንት ሳይሞላ «ከሻጩ ጋር ተመሳጥሮ ነው» ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጋሽ አበረ ጠሩኝ። «ነይማ አንቺ፣ ሥራ እንዲህ ነው» አሉና ግድግዳውን አሳዩኝ። ሁለት አዳዲስ ሶኬቶች ጎን ለጎን አስገጥመዋል። «ባለ ሁለት ሶኬት አላልሽም? ይኸው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያኔውኑ መናገር እችል ነበር፤ ግን ዝም አልኩ። መጀመሪያ በንዴት፣ በኋላ በኀፍረት። አንተም ለማንም ሳታስረዳ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርክ። ስምህ እዚህ ጠፍቶ ሲቀር እኔ ሁለት ዓመት በሰላም ደመወዜን በላሁ።

ዘንድሮ፣ ድሮ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው የተማሪዎች ምዝገባ ከምሳ በፊት አለቀ። ማሽኑ ቅንጣት አልተንገራገጨም። ዲኑ በስብሰባ ላይ «ዘውድነሽ የመረጠችልን ማሽን» ብለው አመሰገኑኝ፤ ሰውም አጨበጨበ። ተነሣሁ። «አስማረ ይሻላል ያለው ዓይነት ነው፤ የተገዛው ደግሞ እኔ ቃል ተሳስቼ ነው። እሱ እጁ የለበትም» አልኩ።

ጋሽ አበረ ብዙ አሰቡና «ታዲያ እነዚያ ሁለት ሶኬቶች አያስፈልጉም ነበር?» አሉ።

«ያስፈልጋሉ ጋሼ፤ ሁለቱም እየሠሩ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ዲኑ ስምህን የሚያነጻ ደብዳቤ በማኅተም አስወጥተዋል፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ሌላም ልንገርህ። ያኔ የተናደድኩት በፕሮሰሰር አልነበረም። ሌላው ቢስቅብኝ ግድ አልነበረኝም፤ አንተ እንድትስቅብኝ አልፈለግኩም። ወድጄህ ነበር። ይህንን ብዬ አሁን እንዴት ቀለል እንዳለኝ አትጠይቀኝ።

ቅዳሜ ዳንግላ ወርጄ እናትህን አገኘኋቸው። ወሬው እሳቸው ጋም ደርሶ ኖሯል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን «አንቺስ ቃል ነው የተሳሳትሽ። እኔ ግን በልጄ ተጠራጥሬ ነበር» አሉኝ። «ለጎረቤት ልጄ አያደርገውም እላለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን አድርጎት ይሆን እላለሁ። ለበዓል ሲመጣ ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ነበር። እንደዚህ ብለሽ ጻፊለት፤ እኔ በአፌ አልችልም።»

ይኸው ጻፍኩልህ። ከስሜ በታች ስማቸውን ሊጽፉበትም ፈለጉ። ብዕሩን ስሰጣቸው እጃቸውን ልይዝላቸው ብል «ተይኝ፣ ራሴ» አሉኝ። ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተዋል፤ ግን አንድም አልጎደለም።

ይቅር በለን።

ዘውድነሽ
እታለማሁ