ከወጥ ቤቱ ሶኬት ይሰካ

እኔ ሚዙኤ ኩሮይዋ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት፣ የኪርዩ ከተማ ነዋሪ፣ ሬይዋ የተባለው የአሁኑ ንጉሠ ነገሥታችን ዘመን በገባ በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር በሃያ ሦስተኛው ቀን ይህን ቃሌን ሰጠሁ። ሳንባዬ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ ይጠይቀኝና መልሱን ይቻለው። ቃሌን የሚጽፉት ውል አዋዋዩ አቶ ኒሺጋኪ ናቸው፤ የሚሰሙት ጎረቤቴ ወይዘሮ ኢሶጋይና የሟች ባሌ ወዳጅ አቶ ኦባ ናቸው። ወራሽ ምስክር ስለማይሆን ልጄ ካዙናሪ በወረቀት ከተለበጠው ተንሸራታች በር ወዲያ ተቀምጧል፤ ጆሮው ግን እዚሁ ነው።

ቤቱና ግቢው ለካዙናሪ ይሁን። በግቢው የቆመው የመብራት ምሰሶ ግን ይነቀል። ባሌ ቶኩጂ ለሙዚቃ ማጉያው ለአምፕሊፋየሩ ብቻ «ንጹሕ ኤሌክትሪክ» እንዲመጣለት ብሎ የፕሪም ዛፌን ቆርጦ ያቆመው ነው። ቀድሞ ሙዚቃ በሰማ ቁጥር ሩዝ ማብሰያውንም ማሞቂያውንም ያስጠፋን ነበር፤ ኤሌክትሪኩን ያቆሽሻሉ እያለ። ምሰሶው ከቆመ በኋላም «የፍሪጁ ንዝረት በመሬት በኩል ይመጣል» አለና ማስጠፋቱም ብርዱም ቀጠለ። ልጄም ይህንኑ አመል ወረሰ። በቅርቡ ምራቴ ቺሆ ትኩሳት ይዟት፣ ካፖርት ተከናንባ ስትንቀጠቀጥ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቫዮሊን ይሰማ ነበር።

ስለዚህ አምፕሊፋየሩን የሰጠሁት ለቺሆ ነው። ከወጥ ቤቱ ሶኬት፣ ከሩዝ ማብሰያው ጎን ይሰካ። ማሞቂያውም አይጥፋ።

«እማዬ፣ ኧረ ተይ! ያ ሶኬት እኮ ድምፁን ይገድለዋል!» አለ ካዙናሪ ከበሩ ወዲያ።

«ወራሽ ዝም ይበል!» አሉ ወይዘሮ ኢሶጋይ።

አቶ ኦባም የራሳቸው ምሰሶ አላቸውና አላስቻላቸውም። «ወይዘሮ ሚዙኤ፣ እውነቱን ይናገሩ፤ ከምሰሶው ሲሆን አይሻልም?»

«ይሻላል» አልኋቸው። «ጆሮ አለኝ፣ አቶ ኦባ። ከባሌ እኩል ሰምቻለሁ፤ ያውም እየተንቀጠቀጥሁ። ይሻላል፤ ቢሆንም ይነቀል!»

ይህ እንዳለ ይጻፍልኝ።

ለካዙናሪ ሌላም ውርስ አለኝ። ሁሉም አብሮ ሲበራ የቆጣሪው ብሬከር ይወርድና መብራቱ ይጠፋል። እስከ ዛሬ በርጩማ ላይ ቆሜ የማነሣውም፣ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነበርሁ። ከእንግዲህ ሥራው የእሱ ነው፤ ቺሆ ከሞቀችበት አትነሣ።

ቃሌ ይጸና እንደ ሆነ በዓይኔ ልየው ብዬ፣ ወጥ ቤት ላለችው ለቺሆ «አምፕሊፋየሩን ከዚያው ሶኬት ሰክተሽ ሁሉንም አብሪው!» አልኋት። ቫዮሊኑ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ባንዴ ጠፋ።

«ውይ፣ ይቅርታ! ላንሣው» አለች።

«ተቀመጪ!» አልኋት።

ካዙናሪ ከበሩ ወዲያ በረጅሙ ተንፍሶ ተነሣ።

«በርጩማው የት ነው ያለው?» አለ።

ተናዛዥ፦ ሚዙኤ ኩሮይዋ (ማኅተም)
ምስክር፦ ኢሶጋይ (ማኅተም)
ምስክር፦ ኦባ፣ ምሰሶው እያሳዘነኝ (ማኅተም)